ጓሳ እስኪከፈት

ኮከቤ ከመሐል ሜዳ ገበያ ስትመለስ እጮኛዋ አባይነህ አዲሱ ቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ አየችው። መምጣቷን ቢያውቅም ቀና አላለም።

የተዋወቁት የጓሳ ደጋ ለሣር አጨዳ የተከፈተ ዕለት ነበር። የጫነችው ሣር ከአህያዋ ጀርባ ተንሸራቶ ሲወድቅ፣ አንድ የማታውቀው ጎረምሳ መጥቶ መልሶ አሰረላትና፣ «የተጣላሽው ከአህያዋ ነው ከሣሩ?» ብሎ አሳቃት። ሲተጫጩ ቤታቸውን በጓሳ ሣር ሊከድን ቃል ገባላት። ደጋው አንዴ ከታጨደ፣ ሣሩ እስኪያገግም ሽማግሌዎች ለዓመታት ይዘጉታል። እሷ ግን እጠብቃለሁ አለች። በሣር ቤት ዝናቡ ምንም ቢወርድ ባልና ሚስት ይደማመጣሉ።

ጓሳ እስኪከፈት ገና ሁለት ክረምት ይቀራል።

ለምን እንደቸኮለ ጠየቀችው። ዘመኑ የቆርቆሮ ነው፣ ሣር እሳት ይፈራል እያለ ምክንያት ደረደረ። አንዱንም ዓይኗን እያየ አልተናገረም።

ያን ጊዜ ሌላውም ነገር ሁሉ ታሰባት። ከተማ ሄዳ ከታከመች ወዲህ፣ በነገር ተሸንፎ የማያውቀው ወንድሟ ይታየው፣ እሷ ያለችውን ሁሉ እሺ ይላል። እናቷ ውኃ መቅዳት ከልክለዋታል። ከፋሲካ በኋላ የተባለው ሠርግ ከሁዳዴ በፊት ሆኗል። በሽታውን ግን ጨጓራ ነው ብለዋታል።

«አባይነህ፣ ጓሳ ሲከፈት እኔ የት ነኝ?»

ወረደ። መዶሻውን መሬት አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳው።

«ካንሰር ነው ኮከቤ። ጉበትሽን ይዞታል፤ አይድንም ተብሏል። ሐኪሙ ሊነግርሽ ሲል ወንድምሽ ይታየው፣ እኛ እንነግራታለን ብሎ አስቀረው። ተስፋ እንዳትቆርጪ ብለን ነው።»

«እናቴም ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«ሁላችሁ አንድ ላይ ሆናችሁ እኔን ብቻዬን ተዋችሁኝ።»

ቀለበቱን አውልቃ ደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና ሄደች።

በሳምንቱ ማንንም ሳታስከትል ሐኪሙ ዘንድ ተቀመጠች። ምን እንደሚብስባት፣ ሕመሙ ምን እንደሚያስታግሰው፣ የልብስ ስፌቷን እስከ መቼ መሥራት እንደምትችል አንድ በአንድ ጠየቀች። እሱም ሳይደብቅ መለሰላት። ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀሰች። ግን ባለፉት ወራት ተኝታው የማታውቀውን እንቅልፍ ያን ሌሊት ተኛች።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ወደ አዲሱ ቤት ሄደች። አባይነህ ብቻውን መደብ ይለስን ነበር። ከጎኑ ተቀመጠች። ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። አባይነህ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«አልሰማሁህም» አለችው።

ደገመው፤ አሁንም አልተሰማም። በመጨረሻ የሹክሹክታ መንገድ ሲያጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ትሞቻለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ። ሞት የሚለውን ነገር ከአፉ ሲያወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች፣ እሷም ጮክ ብላ። «ገና አልታረቅሁህም። ግን ካሁን በኋላ የምትሰማውን እኔም እሰማለሁ።»

ቀለበቱን ከኪሱ አወጣ። ተቀበለችውና ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዝዛ ትጠመጥምበት ጀመር።

«ያን ቀን በቀላሉ የወለቀልኝ ጣቴ ስለከሳ ነው። አይተህ ነበር?»

ድሮ ቢሆን አላየሁም ይል ነበር።

«አይቼ ነበር» ሲል ከበረዶው በላይ ጮኸ። እሷም ቀለበቱን መልሳ ሰጠችውና ጣቷን ዘረጋችለት።