የበሩ ምንጣፍና ሁለተኛው ፕሮሰሰር

ሰዐዲያ ያን ኮምፒውተር ከድሬዳዋ ያመጣችው በምንጣፍ ጠቅልላ ነው። መንገዱ እንዳያንገጫግጨው ብላ፣ እናቷን ሳታስፈቅድ፣ ቤት ውስጥ ዓይኗ ያረፈበትን ጥቅል ምንጣፍ ብድግ አድርጋ ሄዳለች። ስትመለስ ሐረር ፈረስ መጋላ ከታክሲ ወርዳ ከሸክሙ ጋር ስትታገል፣ ሙሰዕብ ከኮምፒውተር ጥገና ሱቁ ወጣ።

«ምን ይዘሽ ነው እንዲህ የከበደሽ?»

«ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ኮምፒውተር።»

«ወላሂ? ለሐረር አንድ አይበቃም?»

ሳቀች። እሱም ምንጣፉን ከነኮምፒውተሩ ትከሻው ላይ አወጣና በጀጎል ጠባብ መንገድ እስከ ደጃፏ ተከተላት። እኔ ለተማርያም፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው፣ ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ነበር። ልጁ ሸክሙን ካወረደ በኋላ እግሩ አልነሳ አለው። ነገሩን ለመረዳት ከስምንተኛ ክፍል በላይ መማር አያስፈልግም፤ እኔም እዚያው ላይ ነው ያቆምኩት።

ሰዐዲያ የሰርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። አባቷ ካረፉ ወዲህ ከእናቷ ከዋፊቃ ጋር የሚተዳደሩት በዚሁ ነው። ትልቁ ኮምፒውተር ሥራዋን ያፋጥናል ተብሎ ነበር። ሲበራ ግን ከሁለቱ ፕሮሰሰር፣ ከሁለቱ አንጎሎቹ፣ አንዱን ብቻ አሳየ። ሁለተኛው በዓይን ይታያል፤ ቦታው ላይ ተቀምጧል፤ ማሽኑ ግን አላየሁትም ይላል። ሙሰዕብ ተጠራ።

ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ መጣ።

«ደግሞ ኮምፒውተር ለመጠገን ሽቶ!» አልኩት በር ላይ።

«የአቧራው ሽታ እንዳይረብሻችሁ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እንዳፍህ ያድርገው።»

ገብቶ ለዋፊቃ ሰላምታ አቀረበ። ከዚያ ዞር ሲል ዓይኑ ከበሩ በላይ ወዳለው የእንጨት መደርደሪያ ሄደና እዚያው ቀረ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። ያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም።

ኮምፒውተሩ ድምፁ እንዳይጎላ ምንጣፉ ተነጥፎለት በቀይ የተቀባው መቀመጫ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሙሰዕብ አጠገቡ ተቀምጦ ሲፈትሽ ቆየ።

«የተጫነበት ሲስተም ለቤት የሚሆነው ዓይነት ነው» አለ። «አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው የሚቀበለው። ሁለተኛውን አይቆጥረውም።»

በሌላ ቀየረው። አሁንም አንድ። በሌላ ቀን መጥቶ ምናልባት አንድ ሰው ሴቲንጉ ውስጥ አጥፍቶት ይሆናል ብሎ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት መለሰው። አሁንም አንድ። እኔን ያስገረመኝ ግን የማሽኑ ነገር አልነበረም። ፈረስ መጋላ ላይ የቀለደው ልጅ ቀልድ የማያውቅ ሆኖ ነበር። ዓይኑን ከስክሪኑ አያነሳም፤ ሻይ ሲቀርብለት አመስግኖ ሳይጠጣ ይወጣል።

ሰዐዲያ ማታ ግድግዳው ሥር መጥታ ጠራችኝ።

«እትዬ፣ ‹እህቴ› አለኝ።»

«ታዲያ ምን ይበልሽ? አያቴ ይበልሽ?»

አልሳቀችም። «ሁለተኛ አልጠራውም» አለች፤ «ማሽኑም እንደፈለገው ይሁን።»

በማግስቱ ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ስመርጥ ሙሰዕብን ትልቅ የመንገድ ቦርሳ ሲገዛ አገኘሁት።

«ወዴት ነው?»

«ጅግጅጋ። ሥራ አግኝቻለሁ። ሰኞ እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«የሰዐዲያን ኮምፒውተር ሳትጨርስ?»

የቦርሳውን ዚፕ ከፈተ፤ ዘጋ፤ እንደገና ከፈተ።

«እትዬ፣ ታጭታ ባል የምትጠብቅ ልጅ ቤት መመላለስ ነውር ነው።»

«ማን አጫት?»

«ማንነቱን አልጠየቅሁም። ከበሩ በላይ ባዶ ነው።»

ያኔ ገባኝ። በሐረሪ ቤት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለች ከበሩ በላይ ጥቅል ምንጣፍ ይቀመጣል። የገባ እንግዳ አፉን ሳይከፍት ቀና ብሎ ያውቃል። ልጅቷ ስትታጭ ይወርዳል። ያቺ ሞኝ ደግሞ ያንኑ ምንጣፍ ኮምፒውተር ጠቅልላበታለች! በዚያ ቤት የተወለደ ሰው እኮ በሩን እንደ እንግዳ ቀና ብሎ አያይም።

ምላሴን በላኝ፤ ግን ዋጥኩት። ይህ በጎረቤት አፍ የሚነገር ነገር አይደለም።

«የጀመሩትን ጥሎ መሄድስ ነውር አይደለም?» አልኩት። «ነገ ና። ጨርስና በሰላም ሂድ።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ዋፊቃ ሄድኩ።

«አንቺ ሴት፣ የበሩን ምንጣፍ ለምን አልመለስሽውም?»

«ለማን ብዬ?» አለች ዋፊቃ። «ልጅቱ እንደሆነች ማሽኑን አግብታለች!»

ኪቦርዱ ላይ የነበረው የሰዐዲያ እጅ ቆመ። ቀስ ብላ ወደ በሩ ቀና አለች።

«እትዬ… አይቶ ነው?»

«አይቶ ነው። ሰኞ ጅግጅጋ ይሄዳል። ነገ ግን ይመጣል።»

ተነስታ ምንጣፉን ልትሰቅለው ትችል ነበር። ግን እሱ ሊመጣ ሲል መስቀል ‹ግባና ጠይቀኝ› ማለት ነው፤ የትኛዋ ልጅ ታደርገዋለች? ምንጣፉ እንዳለ አደረ።

ሙሰዕብ በጠዋት መጣ። ዛሬ ሽቶ የለም።

«መከፈት አለበት፤ ምንጣፍ ላይ ግን አይከፈትም» አለ። «ከጨርቅ ጋር ሲፋተግ የማይታይ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና ያበላሸዋል።»

ኮምፒውተሩን አንስቶ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አሳረፈው። ከፍቶ ሁለቱን ፕሮሰሰሮች አቀያየራቸው። ያ ጠፋ የተባለው፣ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ሲቀመጥ ወዲያው ታየ።

«ጤነኛ ነው» አለ። «ችግሩ መቀመጫው ላይ ነው።»

በስልኩ መብራትና በአጉሊ መነጽር ባዶውን መቀመጫ ሲመረምር ከፀጉር የቀጠነች የብረት ጫፍ ጎብጣ አገኘ። ከዋፊቃ ቀጭን መርፌ ተቀበለ።

«ይህቺ ናት። ‹እዚህ ፕሮሰሰር አለ› ብላ የምትናገረው እሷ ናት። እሷ ካልነካችው ማሽኑ የለም ብሎ ያልፋል።»

«አይጠይቅም?» አለች ሰዐዲያ።

«አይጠይቅም። ምልክቱን ካጣ አለቀ።»

«ሞኝ ነው።»

እኔ ሳል ያዘኝ። እሱ ትንፋሹን ውጦ በመርፌው ጫፍ አቀናት። ገጠመው፣ አበራው። ስክሪኑ ላይ ሁለት። እስካሁን ተደብቆ የነበረው ግማሹ ሜሞሪም አብሮ ብቅ አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ዋፊቃ።

ሙሰዕብ ግን ፈገግታው ከከንፈሩ አላለፈም። መሣሪያዎቹን ሰበሰበ። ያቆሸሸውን አጽድቶ መሄድ ልማዱ ነውና መደቡ ላይ የቀረውን ምንጣፍ አራግፎ ጠቀለለው።

«ይህን የት ላድርገው፣ እህቴ?»

ሰዐዲያ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

«ቦታው ከበሩ በላይ ነው።»

ምንጣፉን እንዳቀፈ ቆመ። ባዶውን መደርደሪያ አየ። የታቀፈውን አየ።

«ይህ… ያኔ ትከሻዬ ላይ የነበረው?»

«አንተው ነህ ተሸክመህ ያስገባኸው» አለች። አሁን ቀና ብላ አየችው።

ዋፊቃ ናት የቸኮለችው።

«ቁመትህ ይደርሳል። ምን ትጠብቃለህ?»

በእግሩ ጣቶች ቆሞ ሰቀለው። ዞሮ «ሰዐዲያ» አላት። ሌላ አልጨመረም። ‹እህቴ› የሚለው ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልተሰማም።

ሰኞ የጅግጅጋው መኪና ያለ እሱ ሄደ። ሽማግሌዎች ግን መጡ፤ ዋፊቃም «ተሰቅሎ አይቼ ሳልጠግበው!» እያለች ምንጣፉን አወረደችው።

የራሷን ሰርግ ቪዲዮ ሰዐዲያ ራሷ በዚያው ኮምፒውተር አቀናበረች። አንድ ቦታ ላይ ሙሰዕብ በሙሽራ ልብሱ ከነሚዜዎቹ ይገባና በልማዱ ከበሩ በላይ ቀና ብሎ ያያል። ባዶ ነው። ብቻውን ይስቃል።

«ይህቺን ልቁረጣት እንዴ፣ እትዬ?» አለችኝ።

«ሌላውን ሁሉ ቁረጪ» አልኳት። «እሷን ተያት።»