እልልታ ያልሰማው ቀሚስ

እኔ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ፣ እናቴ በቀትር ወንዝ አትውረጂ ስትለኝ እየሳቅሁ የምወርድ፣ ጎረቤት ስለ ሙት መንፈስ ሲያወራ «በሉ ደግሞ ጀመራችሁ» ብዬ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ የእኔ ጉድ ግን በጥር፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ መጣ።

ደባርቅ ገና ባጃጅ ሳይገባ ነው፣ ሠርጌ እየተቃረበ ነበር፣ ሙሽራው ሁሉ ከጎንደር ቬሎ እየተከራየ ሲዳር እኔ አሻፈረኝ አልኩ፣ ስንት ሙሽራ ላቧን ያፈሰሰችበትን ልብስ አልለብስም፣ እኔ የምፈልገው የድሮ ጥልፍ ቀሚስ ከነጌጡ ነው እያልኩ ቤቱን አመስኩት። እናቴ ሲሰለቻት «እንግዲያው ዳባት አክስትሽ ዘንድ ሂጂ፣ ሳጥኗ ውስጥ አንድ አለ» አለችኝ፣ የማን እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም በደስታ ብዛት አልጠየቅኋትም።

አክስቴ እትዬ ዘነቡ የእናቴ ታላቅ ናቸው፣ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። የመጣሁበትን ስነግራቸው ካንገታቸው ቁልፍ አውጥተው ሳጥኑን ከፈቱ። እመኑኝ፣ እንደዚያ ያለ ጥልፍ አይቼ አላውቅም፣ ከደረቱ እስከ እግሩ ቀይና አረንጓዴ ክር የወረደበት ቀሚስ፣ ከነመቀነቱ፣ ሲረግጡ የሚያንሿሿ የብር አልቦ፣ ደግሞ ሁለት ጥንድ ጉትቻ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ።

የልጃቸው የማሬ ነበር። ማሬ የሞተችው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው፣ ይህን ለሠርጓ አሰፍተውላት፣ ቀኑ ሊደርስ ሲል ታማ ቀረች። በእኛ አገር የሟች ልብስ ለቅሶ ይወጣል፣ አልቃሾቹ ከፍ አድርገው ይዘውት ይለቀስበታል፣ ይኸም ቀሚስ ገላዋን ሳይነካ ለቅሶ ወጣ። ለቅሶ የወጣ ልብስ ደግሞ ለሠርግ አይለበስም፣ ገደ ቢስ ነው ይባላል። እትዬ ግን እጄን ያዙና «ልጄ፣ ይኸ ቀሚስ ከዋይታ በቀር የሰማው የለም፣ አንድ ቀን እንኳ እልልታ አሰሚልኝ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት፣ እሺ አልኳቸው፣ የሂሳብ አስተማሪ ደግሞ ከገድ ጋር ምን አላት።

እንድለካው ትተውኝ መስታወት ሊዋሱ ጎረቤት ሄዱ። ቀሚሱን አጠለቅሁት፣ በልኬ የተሰፋ ይመስል ነበር። ትልልቆቹን ጉትቻዎች መርጬ አልጋው ላይ አኖርኩ፣ ትንንሾቹን ሳጥን ውስጥ መለስኩ፣ አልቦውን አድርጌ ቀና ስል አልጋው ላይ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው። የሙሽራ ልብ መች ከሷ ጋር ሆኖ ብዬ ሳቅሁና አደረግኋቸው፣ እውነቱን ለመናገር ለፊቴ የተሻሉት እነሱ ነበሩ። ቀጥዬ አልቦው ሲያንሿሿ ሰማሁ፣ ቀስ እያለ፣ ሰው በጓዳ እንደሚንጎራደድ፣ እግሬን ባየው ግን ንቅንቅ አላለም። አይጥ ነው አልኩ፣ አይጥ አልቦ የምታደርግ ይመስል።

ወዲያው ከኋላዬ መቀነቱን የሚያስሩ እጆች ወገቤን ያዙ። እትዬ ተመልሰዋል ብዬ ዞር ሳልል «ኧረ ትንሽ ያላሉልኝ፣ እንዳልበላ ነው እንዴ» አልኩ፣ መቀነቱም ላላ። ስለ ሚዜዎቼ፣ ስለ ዳሱ ስለፈልፍ ቆየሁ፣ ቋጠሮው ጠበቀና በመዳፍ መታ መታ ተደረገ። ይህን ጊዜ በሩ ተከፍቶ እትዬ ዘነቡ መስታወት ታቅፈው ከውጭ ገቡ።

ዘወር አልኩ፣ ከኋላዬ ማንም የለም። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም፣ መስታወቱን አስቀምጠው ቀረቡና ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ማሬ ግራኝ ነበረች፣ እንዲህ ወደ ግራ ነበር የምታስረው» አሉ፣ ፊታቸው በራ፣ «ሚዜ ልትሆንሽ መጥታ ነው።»

እኔስ? እሳት የያዘኝ ይመስል መቀነቱን ሳልፈታ በእግሬ በኩል አወለቅሁት፣ ቀሚሱን ጣልኩት፣ ይቅርብኝ እትዬ፣ አልችልም እያልኩ አለቀስኩ። አልተቆጡኝም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀሚሱን ካነሱት በኋላ እያጠፉ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «እንግዲህ ምን ልበላት?» አሉ።

ከጎንደር በተከራየሁት ቬሎ ተዳርኩ። እትዬ ፋሲካን ሳያዩ አረፉ፣ ያ ቀሚስም በእሳቸው ለቅሶ ዳግመኛ ወጣ፣ ሲያነሱት ሳይ ምነው አንድ ቀን በለበስኩላቸው አልኩ፣ ማን ሊጎዳኝ፣ ጉትቻ የመረጠችልኝ፣ ላላ አድርጊ ስላት ያላላችልኝ ልጅ ምን ልታደርገኝ ነበር?

ሠርጌ ላይ ያየሁትን ደግሞ ለባሌም አልነገርኩት። ዳሱ ጢም ብሎ ሴቶቹ መቀመጫ አጥተው ቆመዋል፣ እትዬ ከጥግ አግዳሚ ላይ ናቸው፣ ከጎናቸው የአንድ ሰው ቦታ ባዶ ነው። አንዷ የባሌ ዘመድ ልትቀመጥ ስትል እጃቸውን ቦታው ላይ ዘርግተው «ይቅርታ እህቴ፣ ሰው አለበት» ሲሏት በአጠገባቸው ሳልፍ ሰማሁ። ዘወር ብዬ ሳይ እልልታው ቀልጧል፣ እሳቸው ወደ ባዶው ቦታ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ ይናገራሉ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም።