እጁ ንጹሕ ነበር

ፊሽካው የተነፋው ከመሐል ሜዳ ነው። እሷ አልነፋችም።

ወንድሟ ኳሱን ከላይ ሲመልሰው ጥፊ የመሰለ ድምፅ ተሰምቷል። ኳሱን የወረወረው ልጅ በጀርባው ወድቋል። ግማሹ ተማሪ «ፋውል ነው» ይላል፣ ግማሹ «ንጹሕ ብሎክ ነው» ይላል። እሷ ከቅርጫቱ ሥር ቆማለች፤ እጇን ብትዘረጋ ሁለቱንም ትነካቸው ነበር።

የስፖርት መምህሩ አብሮት የሚዳኝ ሰው ጠዋት ታሞ ሲቀርበት «እኔ ልግባ» ያለችው ራሷ ናት። ዓመቱን ሙሉ የትንንሾቹን ጨዋታ ስትዳኝ ስለከረመች እሱም አላመነታም። እናቷ ግን በስልክ ስትሰማ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ወንድምሽ በሚጫወትበት? ቢሸነፍ በአንቺ፣ ቢያሸንፍ በአንቺ። ካሁኑ ታየኝ፤ እሱ እግሩን ተሰብሮ፣ አንቺ ተሰድበሽ ስትመጡ።»

ወንድሟ ስልኩን ነጥቆ «እማዬ፣ ገና ሳንጫወት አትቅበሪን እንጂ» ብሎ ሣቀባት።

አሁን ግን አይሥቅም። ጓደኞቹ በቁመቱ «ክሬን» የሚሉት ወንድሟ አራት ፋውል አለበት፤ ይሄኛው አምስተኛ ሆኖ ከተያዘበት ከጨዋታው ይወጣል። የከተማው ወጣት ቡድን አሠልጣኝ ደግሞ አንድ ተከላካይ ሊመርጥ መጥቶ እጆቹን አጣጥፎ እያየ ነው። ለዚህች ቀን ሲል ነው ወንድሟ የእረፍቱን ወራት በሙሉ ግቢያቸው ውስጥ ሲዘል የከረመው።

መምህሩ እየሮጠ መጥቶ ጎንበስ አለላት።

«ድምፁን ሰምቼ ነው የነፋሁት። ከጀርባው ነበርኩ፣ በደንብ አላየሁም። እጁን መታው?»

ክሬን ላቡ እየተንጠባጠበ ከኋላው ብቅ አለ። «ንገሪው እንጂ። ኳሷን ብቻ ነው የነካሁት።»

«አንተ ዞር በል» አለው መምህሩ።

ከተመልካቹ መሐል አንዱ «እህቱ ናት እኮ፤ እሷን ነው የሚጠይቀው?» ብሎ ሰዉን አሣቀ። ጆሮዋ ጋለ።

ወንድሟ አልዋሸም። መዳፉ ያረፈው ኳሱና ኳሱን የያዙት ጣቶች ላይ ነው። ኳስ ላይ ያለ እጅ እንደ ኳስ ስለሚቆጠር ደግሞ ይህ ፋውል አይባልም፤ ድምፁ ነው ሰውን የሚያሳስተው። «አልመታውም» ብትል ውሸት አይሆንም። ስልክ ይዘው የሚቀርጹት እንኳ የቀረጹት ላይ ላዩን ነው።

እሷ ግን ላይ ላዩን አላየችም። ዳኝነት ስትለምድ መጀመሪያ የተማረችው ኳሱን ለተመልካች ትቶ በሁለቱ ገላ መካከል ያለውን ክፍተት መመልከት ነው። ክፍተቱ ተዘግቶ ነበር። ወንድሟ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አልዘለለም። ወደ ፊት ነው የዘለለው፤ እጁ ኳሱ ጋ ሳይደርስ ዳሌው የልጁን ጎን ገፍቶታል።

የወደቀው ልጅ ተነሥቷል። ጎኑን በእጁ ይዟል።

«እጁን መታው ወይስ አልመታውም?» አለ መምህሩ እንደገና።

የተጠየቀችው ስለ እጅ ነው፤ ስለ ዳሌ ያነሣ የለም። ወንድሟ ዓይን ዓይኗን ያያታል። ወደ ቤት የሚመለሱት አብረው ነው፤ እናታቸውም በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ፊታቸውን ነው።

«እጁ ንጹሕ ነው» አለች።

ክሬን እጆቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ጓደኞቹ ጀርባውን ይደበድቡት ጀመር።

«አልጨረስኩም፣ ቲቸር» አለች።

ወደ ነጥብ ያዡ ጠረጴዛ ዞረች። ጡጫዋን ጨብጣ ከፍ አደረገች፤ ከዚያ የወንድሟን መለያ ቁጥር በጣቶቿ አሳየች። በመጨረሻም ሁለት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። በገላ ለተሠራ ጥፋት ምልክቱ ይኸው ነው።

ከኋላዋ ወንድሟ ቀስ ብሎ «እሙዬ» ሲላት ሰማችው። ነጥብ ያዡ ጽፎ እስኪጨርስ እጆቿን አላወረደችም።