ያልተጠረገችው ሳንቲም

ሊያን ትሬቬና ሰኞ ጠዋት የአባቷን በር ከፍታ ስትገባ፣ ሽማግሌውን ሜርቪንን ሳንቲሞቹን በሚያኖርበት ክፍል ወለል ላይ ተዘርሮ አገኘችው። ጭንቅላቱ ከብረት ካዝናው ጥግ ጋር ተጋጭቶ ተፈንክቷል፤ ደሙ ምንጣፉ ላይ ደርቋል። ከአጠገቡ ያለው ጠረጴዛ ግን ጽድት ብሏል። ሁለት ኩባያዎች ታጥበው ተደፍተዋል። አንዲት የብር መታሰቢያ ሳንቲም ደግሞ በክብ የፕላስቲክ ማቀፊያዋ ውስጥ ሆና ጠረጴዛው መሀል ተቀምጣለች።

ከተማችን ቤንዲጎ በወርቅ ቁፋሮ የተቆረቆረች ናት፤ ወርቁ ካለቀ ቆየ፣ ለሚያብረቀርቅ ነገር መንሰፍሰፉ ግን አለቀቀንም። አዲስ መታሰቢያ ሳንቲም ወጣ በተባለ ቁጥር የከተማችን ጡረተኛ ሁሉ በብርድ ይሰለፋል። ሳንቲሟ «ቁጥሯ የተወሰነ ነው» ከምትል ወረቀት ጋር ከተሰጠችው፣ ሀብታም ሆኖ ወደ ቤቱ የሚመለስ ይመስለዋል። ያቺ ወረቀት ስንቱን እንዳጃጃለች ሳስብ ያንገበግበኛል።

ምርመራው ለሳጅን ኖሪን ካሲዲ ተሰጠ። ኖሪን ጉልበቷን የሚያማት፣ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ከመናገር ማየት የምትመርጥ ሴት ናት። ሳንቲሟን ከነማቀፊያዋ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻት።

«አሻራ አለ?» ብላ አሻራውንም አስከሬኑንም የሚመረምረውን የፖሊስ ሐኪም ጠየቀችው።

«የለም። የበሩ እጀታ፣ ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ የማቀፊያው ውጪ፣ ሁሉም ተጠርጓል።»

«ውስጡስ?»

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ። እንደ መስታወት በሚያበራው የሳንቲሟ ፊት ላይ ምስር የምታህል የደረቀ ደም አለች።

ኖሪን የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበችው። ሜርቪን ሳንቲሞቹን የሚነካበት ነጭ የጥጥ ጓንት በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል፤ የአንዱ ጣት ጫፍ ቡናማ ሆኗል።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወዲያው አልሞተም። ብዙ ሰዓት ተንፍሷል። አምቡላንስ ቢጠራለት ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

እሁድ ዕለት ወደ ቤቱ የመጡት ሦስት ሰዎች መሆናቸውን ጎረቤቱ አይቷል፤ ማን መጨረሻ እንደወጣ ግን አላየም። አንዷ ሊያን ነበረች። ኖሪን ማድ ቤት ውስጥ አነጋገረቻት።

«ከአባትሽ ጋር ትጣሉ ነበር?»

«ሁልጊዜ። ልጅ ሳለሁ ለልደቱ ላስደስተው ብዬ አንዷን ሳንቲም በጥርስ ሳሙና ፈግፍጌ አብረቀረቅኩለት። አበላሸሽው ብሎ ስንት ጊዜ አኮረፈኝ። የጸዳ ነገር እንዴት ይበላሻል? እስከ ዛሬ አይገባኝም።»

«እሁድስ?»

«ሽጣቸውና ጥርስህን አሠራ አልኩት። ሳቀብኝ። ‹በደህና ዋጋ የሚገዛ የለም ልጄ፤ ማክሰኞ ለሳንቲም ሰብሳቢዎች ክበባችን ሰዎች እውነቱን አፍረጠርጠዋለሁ› አለኝ።»

ሁለተኛው የሳንቲም ነጋዴው ስቲቭ ኩሮስ ነበር። ኖሪን ሱቁ ስትደርስ መታሰቢያ ሳንቲሞችን ከከረጢት እንደ ባቄላ ሚዛን ላይ ያፈሳል።

«ሜርቪን ሊናገር የነበረው እውነት ምንድን ነው?»

«ኧረ ሳጅን፣ አንቺም መሰብሰብ ልትጀምሪ ነው?» አለ ስቲቭ አንዷን በአውራ ጣቱ እያሸ። «ሲገዟት መቶ ሃያ ዶላር ናት። ልትሸጥ እኔ ጋ ስትመጣ በብሯ ክብደት ነው የምወስዳት። የአንዳንዷ ዕድለኛ ዋጋ ይጨምራል፤ የቀረችው ወደ ማቅለጫ ነው።»

«ይህን ለገዢዎችህ ትነግራቸዋለህ?»

«ሲጠይቁኝ። ፍቅር የያዘው ሰው ግን አይጠይቅም።»

«ሜርቪን ቢናገር ሱቅህ ይዘጋ ነበር።»

«እሱ ባይናገርም እየተዘጋ ነው። እሁድ የሄድኩት የሱን ስብስብ ልመዝን ነው። በዋጋው ተስማምተን፣ እጅ ተጨባብጠን ወጣሁ።»

ሦስተኛው ክላይቭ ፓስኮ ነው፤ የሜርቪን የአርባ ዓመት ወዳጅ፣ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ። ቤቱን ሸጦ በሁለት ክፍል ኪራይ ቤት ይኖራል። ግድግዳው በሳንቲም ሣጥኖች ተሸፍኗል። ሚስቱ ጆይስ ከተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከታለች።

«የቤቱ ገንዘብ ይኸው ነው?» አለች ኖሪን ወደ ሣጥኖቹ እያየች።

«ለጆይስ ነው» አለ ክላይቭ። «ደህና የአረጋውያን ማረፊያ ውድ ነው። ተራዋ ሲደርስ እነዚህን እንሸጣለን፤ አይደል ጆይሲ?»

ጆይስ ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

ክላይቭ አንዷን በጠርዟ ብቻ ይዞ አወጣት። የእንፋሎት ባቡር ተቀርጾባታል፤ የጭሱ እያንዳንዱ ጥቅል፣ የመንኮራኩሩ እያንዳንዱ ብሎን ይታያል። ኖሪን ሳታስበው ወደፊት ተሳበች። እውነት ለመናገር ውብ ነበረች።

«ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁትን ባቡር ማን አስታወሰው? ይቺ ሳንቲም ናት ያስታወሰችው» አለ ክላይቭ።

ማክሰኞ ኖሪን ሦስቱንም በሜርቪን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ክላይቭ ሚስቱን ብቻዋን ትቶ መምጣት ስላልቻለ፣ ጆይስም ከነወንበሯ መጥታለች።

«በደሙ እንጀምር» አለች ኖሪን። «ደሙ ያለው ከተዘጋው ማቀፊያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሜርቪን ሲወድቅ ሳንቲሟ ከማቀፊያዋ ውጪ ነበረች። እሱ ከወደቀ በኋላ ነው አንድ ሰው አንስቶ የመለሳት።»

«እሺ፣ መለሳት። እና?» አለ ስቲቭ።

«በባዶ እጁ አይደለም። ሰው ደም እየፈሰሰው ተጋድሞ ሳለ፣ መሳቢያ ከፍቶ ጓንት አጥልቋል። ሲጨርስ አጥፎ መልሶታል። ከዚያ ቤቱን በሙሉ ጠረገ፤ ማቀፊያውን ሳይቀር። ያልጠረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳንቲሟ ላይ ያለውን ደም።»

ኖሪን ወደ ሊያን ዞረች።

«ሊያን፣ አንቺ ብትሆኚ?»

«መጀመሪያ የምጠርገው እሱን ነበር።»

«አዎ። ስቲቭ ደግሞ ቢለምኑትም ጓንት አያጠልቅም፤ ለሱ ብር ብር ነው። በአውራ ጣቱ ፈግፍጎ ኪሱ ይከታት ነበር። ደሙን ሊተወው የሚችለው ማን ነው? መስታወት የመሰለ ፊቷን ለመንካት እንኳ የሚሳሳ ሰው። ሚስተር ፓስኮ፣ እርስዎ ለምን አልጠረጓትም?»

«ይጫራላ» አለ ክላይቭ። ካለ በኋላ የተናገረው ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ።

«አጎቴ ክላይቭ?» አለች ሊያን።

«ለብቻዬ ጠርቶኝ ነው» አለ ክላይቭ ወለሉን እያየ። «የራሱን ባለባቡር ሳንቲም ከማቀፊያዋ አወጣና፣ ‹ይቺ ዋጋ የላትም፤ የአንተም ሁሉ እንዲሁ› አለኝ። ማክሰኞ በሰው ፊት ሊናገር ነው። ለጆይስ ምን ልላት ነው? ተው አልኩት። እምቢ አለኝ። ገፋሁት። ከእጁ አምልጣ ወደቀች። የሞተ መስሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው።»

«ደረቱን አይተው ነበር?»

ክላይቭ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ይተነፍስ ነበር» አለች ኖሪን፤ ድምፅዋ መረረ። «ያኔ ስልክ ቢያነሱ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ይሰድብዎት ነበር።»

ሊያን አፏን በእጇ ያዘች። ክላይቭ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ጆይሲ፣ አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

«አውቅ ነበር እኮ» አለች ጆይስ።

ከገባች ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። «ባለፈው ክረምት ስቲቭን ጠይቄው ነግሮኛል።»

ስቲቭ አቀርቅሮ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እያወጣህ ስታያቸው ደስ ይልሃላ። ማረፊያውን እንደሆነ እኔ ያኔውኑ ትቼዋለሁ።» ትንፋሽ አጥሯት አረፍ አለች። «ሜርቪን ለሁሉም እነግራለሁ ሲለኝ ለመንኩት። በሰው ፊት አይስማው፣ አስቀድመህ ለብቻው ጥራውና ቀስ ብለህ ንገረው አልኩት። እሁድ የጠራህ እኔ ልኬው ነው።»

ክላይቭ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ ጆይስ አልያዘችውም። ኖሪን ክንዱን ይዛ አስነሳችውና ወደ መኪናው ወሰደችው።

ስቲቭም ወጣ። ጆይስን ወደ ቤቷ የሚመልሳት ሰው አልነበረም። ሊያን ብዙ ቆማ አየቻት። ከዚያ ከኋላዋ ዞራ ወንበሩን እየገፋች አወጣቻት።