የዳማው ቀኝ ዓይን

እኔ እንኳን በመንፈስ፣ ሰው ምሎ ሲነግረኝም በቀላሉ የማላምን ነኝ፣ ይህን ግን በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ያውም ያኔ ደህና በነበረው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ሰበታ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ስዕልና የሱቅ ሰሌዳ እየሳልኩ እኖር ነበር። አንድ ቀን ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ከአባታቸው የወረሷትን፣ ከፋርስ አገር የመጣች፣ መዳፍ የምታህል ስዕል አምጥተው ቅዳልኝ አሉኝ። ልዑል ሰማያዊ ፈረስ ላይ ተቀምጧል (ሰማያዊ ፈረስ ማን አይቶ ያውቃል?)፣ የፈረሱ እግር ሂና የተነከረ ይመስል ቀይ ነው፣ ጋማው ፀጉር በፀጉር ተስሏል፣ ፊቱ ግን በጎን ስለሆነ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። በኛ አሳሳል ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሳላል፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ኃጢአተኛ ነው። "ሐጂ፣ ይሄ ፈረስ ምን አጥፍቶ ነው?" ብዬ ቀለድኩ። ሳቁና፣ እንዳለ ቅዳው፣ ምንም እንዳትጨምር አሉኝ።

ቀልዱ ለኔው ተረፈ፣ ምክንያቱም የፈረስ ዓይን አጥፍቼ አውቃለሁ። ቀደም ሲል ሱሉልታ ቤተ ክርስቲያን ስስል፣ ኦቦ ቶሎሳ የሚባል ሰው በጥምቀት ጉግስ ላይ በዘንግ መትቶ ከኮርቻ ጣለኝ፣ አገሩ ሁሉ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ ቂም አይለቀኝም። በሳምንቱ ለግድግዳ ከበጠበጥኩት ኖራ በጨርቅ ይዤ ጋጣው ገባሁና የዳማ ፈረሱን ቀኝ ዓይን አሸሁበት። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። ማንም አላወቀብኝም።

እና የሐጂን ስዕል ቀድቼ ጨረስኩ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ብሩሼን ላጥብ ዞር ስል ከኋላዬ ፈረስ በአፍንጫው ሲተነፍስ ሰማሁ። ቀጥሎ እርጥብ ኖራ ሸተተኝ፣ እመነኝ፣ ቤቴ ውስጥ ኖራ የሚባል አልነበረም። ዘወር ብዬ ባይ የቀዳሁት ፈረስ ፊቱን ወደኔ አዙሯል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ፣ ቀኙ ግን ነጭ ነው።

እየሮጥኩ ሐጂን ጠራኋቸው። አገላብጠው አይተው "ማሻ አላህ፣ ቁርጥ እሱን" ብለው ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የምስለው ፈረስ ሁሉ፣ የጊዮርጊስ ፈረስ እንኳ ሳይቀር፣ ወደኔ ይዞራል። ቀኝ ዓይኔም እየፈዘዘ መጣ፣ ሐኪሙ ምንም የለብህም አለኝ፣ በመስታወት ሳየውም ንጹሕ ነው።

በቀደም ኦቦ ቶሎሳን ሰበታ ገበያ አገኘሁት። አከም ጅርታ ብሎ ትከሻዬን ያዘና ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ።

"ያ ነጭ ነጥብ መቼ ጀመረህ?" አለኝ። "የዳማዬም እንዲሁ ነበር የጀመረው።"

አዝኖልኝ ይሁን አውቆብኝ አላውቅም። እጁን ግን ቶሎ አላነሳም።