ሰባተኛዋ ሽው ለምን ዘገየች

ከጅግጅጋ ጎንደር አሥራ ስምንት ደቂቃ ነው። ተሳፋሪው ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር የእግዜር ሰላምታ ተለዋውጦ ሳይጨርስ ይደርሳል። አየሩ በተመጠጠ ቱቦ ውስጥ የምትከንፈውን ሰረገላ ሰዉ «ሽው» ይላታል። ሾፌር የላትም፤ የሚነዳት ሰው ሠራሽ አእምሮዋ ነው።

ሰባተኛዋ ሽው ግን ሰሞኑን አመል አውጥታለች። አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ትንቀረፈፋለች፤ በማግስቱ ደግሞ እንደ ጥይት ትወነጨፋለች። ቴክኒሻኑ ያፌት ብሎኗን ሁሉ ፈትቶ ቢመረምር እንከን አጣባት።

«ዛሬ ተሳፍረህ እያት» አለችው አለቃው ኢንጂነር አልጋነሽ። «ጥፋቱ ካልተገኘ አእምሮዋን ጠርገን እንደ አዲስ እንጭንላታለን።»

ያፌት ከፋው። ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ መንገዱን ያስተማራት እሱ ነው።

ሲሳፈር ከፊት ለፊቱ አንዲት ወጣት ከአጎቷና ከአክስቷ ጋር ተቀምጣለች። ዘመዶቿ ሊወስዷት ከጎንደር እንደመጡ ከወሬያቸው ገባው።

«አባዬን ምን ነካው?»

«ትንሽ አመም አድርጎት ነው አልኩሽ እኮ፣ ሐመልማል» አለ አጎቷ ይርዳው። «አንቺን ሲያይ ይሻለዋል።»

«ለትንሽ ሕመም ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ?»

«በሽው መሄድ አምሮን ነዋ!» አለች አክስቷ፣ ለመሳቅ እየሞከረች። «ይርዳውማ ወንበሩ ሳይሞቅልኝ አወረዱኝ ብሎ ሲያማርር ነበር።»

ያፌት አንገቱን ደፋ። ይህን ወሬ ያውቀዋል። እሱንም «እናትህን ትንሽ አሟታል» ብለው የጠሩት ዕለት ሽው በደቂቃዎች ጎንደር አደረሰችው። ማንም አፉን ሳይከፍት ደጃፉ ላይ ከተተከለው ድንኳን ጋር ተፋጠጠ።

ሰረገላዋ ቀስ አለች። ያፌት በጆሮ ማዳመጫው በኩል «ምን ሆንሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«አጎትየው መርዶውን ገና አልነገራትም» አለችው ሽው። «አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል።»

«እሷ እስክትዘጋጅ ነው የምትዘገዪው?»

«እሷማ ሳትሳፈርም አውቃለች። ገና ስትቀመጥ ወንበሬ የልቧን ምት ሰምቷል። ያልተዘጋጁት እነሱ ናቸው።»

ያፌት ቀና ብሎ ልጅቷን አያት። ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ ይዛለች። አጎቷን የምታየው፣ አንደበቱ ገና ያልተፈታ ሕፃን አንዲት ቃል እስኪወጣው እንደምትጠብቅ እናት ነበር። የያፌት ጣት በእጁ ከያዘው መቆጣጠሪያ «ፍጠኚ» የሚለው ቁልፍ ላይ ደርሷል። መልሶ አነሳው።

ቆይቶ ይርዳው ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ...» ድምፁ ተሰበረ።

ሐመልማል እጁን ያዘችው። «ንገረኝ ጋሼ። አይዞህ፣ አልደረስንም።»

ነገራት። ሦስቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። እንባቸው ጋብ ሲል ሽው ፍጥነቷን ጨመረች።

ያፌት ጎንደር እንደወረደ አልጋነሽ ከጅግጅጋ ደወለች።

«ዛሬም ዘገየች! ጥፋቷን አገኘኸው?»

አንድም ሳያስቀር ነገራት። ከዚያም «አያቶቻችን ይህን መንገድ በአውቶቡስ ቀናት ይፈጅባቸው ነበር» አለ። «እኛ ስናሳጥረው፣ ክፉ ወሬ ቀስ እያለ የሚነገርበትንም ቦታ አብረን ቆረጥነው። እሷ መልሳ ቀጠለችው። ትጠረግ ካሉ ይዘዙኝ፤ ግን ጥፋት አልልዎትም።»

አልጋነሽ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ወንድሜ ከጠዋት ጀምሮ ከጎንደር እየደወለ ነው» አለች። «አባባን ትንሽ አሞታል፣ መጥቼ ልውሰድሽ ይላል።»

ያፌት ወደ ሰረገላዋ ዞረ። በሯ ክፍት ነው፤ የሚቀጥለውን ተሳፋሪ ትጠብቃለች።

«አልነካትም» አለ ቀስ ብሎ። «በእሷ ይምጡ።»