ወንፊቱ ያስቀረው

ልሳኑ ምድር ቤት ባለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ እንደወትሮው ተቀምጦ ከተበላሸ ዲስክ የወጣ ፋይል ያጣራል። ዝናቡ በጣሪያው ስንጥቅ ሾልኮ ጠብ ጠብ ይላል፣ ግድግዳው ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፣ የሱቁ ሠራተኞች «ወንፊቱ» የሚሉት ፕሮግራም ደግሞ የእያንዳንዱን ፋይል አሻራ፣ ማለትም መለያ ቁጥሩን፣ እያወጣ ከታወቁ የሶፍትዌር ፋይሎች አሻራ ጋር ያመሳክራል። ከፋይሉ አንዲት ፊደል ብትነካ አሻራው ሌላ ነው። «የታወቀ» የተባለውን ሳይከፍቱ መጣል የሱቁ ልማድ ነው፤ የሚተርፈው የሰው ነው፤ ፎቶ በለው፣ ድምፅ በለው።

የዛሬው ዲስክ የሟች ሚስቱ የወይንሸት ነው። ሆስፒታል ተኝታ ለሱ ድምፅ ቀድታ ነበር። እሱ ሲደርስ አልፋለች፤ ዲስኩም ተበላሽቶ ስለነበር ምን እንዳለችው እስከዛሬ አልሰማም።

«ና ሻይ እንጠጣ፣ ወንፊቱ አንተ ባትኖርም ይነፋል!» አለው ባልደረባው ገረመው ከደረጃው ላይ።

«ቅደም ገሬ፣ እመጣለሁ።»

ወንፊቱ ጨረሰ። የተረፈ የለም። የወይንሸት ድምፅ እንኳ «የታወቀ» ተብሏል፤ እሷ ሳትወለድ ከወጣ የሶፍትዌር ጥቅል ውስጥ ነው አለ።

«ወንፊት ነኝ ትላለህ? ጆንያ!» ብሎ ሰደበው። ሊያጋልጠው ማይክሮፎኑን ስቦ ማንም ብሎት የማያውቀውን ቀባጠረ፤ «ለቁራ ካልሲ ገዛሁለት፤ ብርጭቆ የጎመን አጎት ነው።» ቀዳና አጣራው።

የታወቀ።

የወንበሩን ሲጥሲጥታ ቀዳ። የታወቀ። የዝናቡን ጠብታ ቀዳ። የታወቀ። እየተናደደ ተነሳ፣ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ድምፅ አልነበረውም። ውሃው ከጣሪያው ይወርዳል፣ ወለሉን ይመታል፣ አይሰማም።

የወይንሸትን ፋይል ከፈተ። በደከመ ትንፋሽ እንዲህ አለችው፤ «ልሳኑ፣ ድምፅህን እንዳትሰጠው።»

«ገሬ!» ብሎ ጮኸ። ከንፈሩ ተላወሰ እንጂ ምንም አልወጣም።

ገረመው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ወረደ፤ ወንበሩን፣ ግድግዳውን፣ የልሳኑን ፊት አንድ በአንድ አየና «ይሄ ሰውዬ ደግሞ የት ገባ?» ብሎ ወደ ስክሪኑ አጎነበሰ።

ከዝርዝሩ ግርጌ አዲስ መስመር ወጥቷል፤ «ልሳኑ፤ የታወቀ»።

ገረመው ሻዩን ፉት አለና እንደ ልማዱ ፋይሉን ሳይከፍት ጣለው።